ሕግና ልማድ በቦምቤ፤ የመሬት ሥርዐት የገበሬውን ኑሮና አሳብ እንዴት እንደ ለወጠ

ስለ ገጠሩ ሕዝባችን ኑሮ በሚጻፈው ሁሉ አንድ ፍርድ ተደጋግሞ ይገኛል። ይኸውም ገበሬው ለነገ አያስብም፣ አዲስ ነገር ይፈራል፣ ካባቱ ከወረሰው ዘዴ ፈቀቅ አይልም የሚል ነው። ይህን ፍርድ የሚሰጡትን ሰዎች ክፉ አሳቢዎች ናቸው አንልም፤ ነገር ግን የሚያዩት የገበሬውን እጅ ብቻ ነው። ያን እጅ ያሰረውን ወይም የፈታውን ሥርዐት አያዩም። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ ገበሬው የሚተክለው፣ የሚሸጠው፣ የሚቈጥበው፣ ለሹም ደጅ የሚጠናው ወይም ከሹም ጋራ የሚሟገተው በጠባዩ ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ የተከለውን ነገ ማን እንደሚለቅመው በሚወስነው ሕግና ልማድ መሠረት መሆኑን ነው። ለዚህም ምሳሌ የምናደርገው በወላይታ የሚገኘውን የቦምቤን አገር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ቦምቤ በወላይታ ምዕራባዊ ክፍል የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ መቀመጫ ናት። አገሩ ቀድሞ የሰፊው የቦሎሶ ወረዳ ክፍል ነበር፤ ከአረካ በስተ ምዕራብ ሆኖ መሬቱ ወደ ኦሞ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። ቤቱ ሁሉ በእንሰት የተከበበ ነው። ከእንሰቱ ቀጥሎ ቡናው፣ ቦይናው (ጎደሬው)፣ በቈሎው፣ ስኳር ድንቹና ዝንጅብሉ ይታያል። ወላይታዎች በቤት አጠገብ ያለውንና በከብት ፍግ የዳበረውን መሬት ዳርኩዋ፣ ራቅ ያለውንና ፍግ የማይደርሰውን ሾቃ ይሉታል። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን። ከብት የሌለው ሰው ፍግ የለውም፤ ፍግ የሌለውም እንሰቱን ለማዳበር ይቸገራል፤ እንሰት ደግሞ ለመብል የሚደርሰው ከበርካታ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር እርሻ ማለት የብዙ ዓመት ተስፋ ማለት ነው። የብዙ ዓመት ተስፋም የሚቆመው መሬቱ በእጄ ይቈያል ብሎ ማመን ሲቻል ነው።

ሥርዐት የሰውን ሥራ ይወስናል የሚለው አሳብ ከውጭ አገር ሊቃውንት ብቻ የመጣ አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው የአገር ሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን፣ ሥራ ደግሞ ያለ መልካም አስተዳደር እንደማይበረታ አስተምረዋል። ብዙ ቈይቶ አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቅ ዳግላስ ኖርዝ የአገር ሕግንና ልማድን ከጨዋታ ደንብ ጋራ አመሳስሎ ጻፈ፤ በ1986 ዓ.ም.ም ለኢኮኖሚ ሳይንስ የሚሰጠውን የኖቤል ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋራ ተካፈለ። ሁለቱም የሚነግሩን ነገር ተቀራራቢ ነው። ነገር ግን በአንድ አገር ላይ ደንቡ ከአንድ በላይ ሲሆን፣ ይኸውም የተጻፈው ሕግ አንድ ነገር፣ የጎረቤት ልማድ ሌላ ነገር ሲያዝ፣ ሰው የትኛውን ይከተላል? የቦምቤ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው ብለን እናምናለን።

ወላይታ እስከ 1887 ዓ.ም. ድረስ ካዎ የሚባሉ ነገሥታት የሚገዙት ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። ሕዝቡ ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች፣ በእነዚህም ሥር በብዙ ጎሳዎች የተከፈለ ነው። መሬት ከአባት ወደ ወንዶች ልጆች ይተላለፍ ነበር፤ የበኵር ልጅ፣ ባይራ የሚባለው፣ የተለየ ክብር ነበረው። ንጉሡም ለጀግናና ለአገልጋይ መሬት ይሰጥ ነበር። በገበያ ማርጩዋ የሚባል የብረት ገንዘብ ይሠራበት ነበር። ይሁን እንጂ ያን ዘመን የእኩልነት ዘመን አድርገን ልንሥለው አንፈልግም። ባሪያ ነበረ፤ ሸክላ የሚሠሩት ቺናሻዎች እንደ ሌሎቹ የእጅ ጥበብ ሠራተኞች ሁሉ ከሌላው ሕዝብ ጋራ አይጋቡም፣ በማዕድም አይቀላቀሉም ነበር። እጁ ብልሃተኛ የሆነውን ሰው ያዋረደ ልማድ ልጆቹ ጥበቡን እንዲሸሹት ማድረጉ የማይቀር ነው። በዚህም ምክንያት ልማድ ሁልጊዜ ደግ፣ ሕግ ሁልጊዜ ክፉ ነው የሚለውን አስተያየት ከመጀመሪያው አንቀበልም።

በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው በዘመቱበት ብርቱ ጦርነት ካዎ ጦና ቈስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ከብትና ሰው ተማረከ። ከዚያ በኋላ በደቡቡ አገር በጠቅላላ እንደ ሆነው ሁሉ፣ ለሹሙና ለወታደሩ ደመወዝ በገንዘብ በመክፈል ፈንታ እንደ ማዕረጉ ገባር ይመደብለት ጀመር። ገባሩ እህልና ማር ከመስጠቱ ሌላ የጌታውን ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል፣ እህል ያስፈጫል፣ ዕቃ ይሸከማል። ከአገሬው ሰዎች መካከል ባላባት የተባሉት በአዲሱ መንግሥትና በሕዝቡ መካከል ቆሙ።

የዚህን ሥርዐት ግፍ ብዙዎች ጽፈውታል፤ እኛ የምንመለከተው በገበሬው አሠራር ላይ ያመጣውን ለውጥ ነው። ግብር ከባድ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ልኩ አስቀድሞ አለመታወቁ ግን ሌላ ነው። ከባድም ቢሆን ልኩ የታወቀ ግብር ገበሬውን አብዝቶ እንዲያርስ ሊያስገድደው ይችላል። ልኩ ያልታወቀ ግብር ግን የሚያስተምረው መደበቅን ነው፤ በበረቱ ብዙ ከብት የታየበት ሰው ብዙ ይጠየቃልና። የገባሩ ዳኛ ራሱ ጌታው ወይም የጌታው ባልንጀራ በሆነበት አገር መብትን የሚያስገኘው ክርክር ሳይሆን ደጅ ጥናትና እጅ መንሻ ነው። ስለዚህ ደጅ የሚጠናውን ሰው ሰነፍ ማለት አይገባም። በዚያ ደንብ ውስጥ ከሞፈርና ከቀንበር ይልቅ ትርፍ የሚሰጠው ደጅ ጥናቱ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት የወላይታ ልማዶችን ማንሣት ያስፈልጋል። አንደኛው ሐራ ነው። ባለ ከብቱ ላሙን ለሌላ ሰው ያስጠብቃል፤ ጠባቂው ወተቱንና ለዳርኩዋው የሚሆነውን ፍግ ያገኛል፤ ላሚቱ ግን የባለቤቷ ናት። ሁለተኛው ኮታ ነው። ሁለት ሰዎች የአንድ ከብት ዋጋ አዋጥተው በጋራ ይገዛሉ፤ ትርፉንም ይካፈላሉ። በእርሻም አንዱ መሬቱን፣ ሌላው ጉልበቱን፣ በሬውን ወይም ዘሩን አቅርበው ምርቱን ሲካፈሉ ይኸው ኮታ ይባላል። እነዚህ ውሎች በወረቀት አይጻፉም፤ ዋስትናቸው ጉርብትና፣ ሽማግሌና የሰው ዐይን ነው። በእነዚህ ልማዶች ደሀው ፍግ ያገኛል፤ ባለ ሀብቱም ከብቶቹን በአንድ በረት ሳይሰበስብ ከበሽታና ከአደጋ ይጠብቃል። ሐራና ኮታ በገባር ዘመን ተፈጠሩ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ሀብትን በአንድ ቦታ ማሳየት አደገኛ በሆነበት ዘመን እንዲህ ያለው ልማድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት አያስቸግርም።

ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥት የመሬትን ግብር በገንዘብ ወሰነ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ በአንድ ጋሻ ለም መሬት 15፣ በለም ጠፍ 10፣ በጠፍ 5 ብር ጣለ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ዐሥራቱ ተጨምሮ በተለካው አገር ለሙ 50፣ ለም ጠፉ 40፣ ጠፉ 15 ብር ሆነ። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ገደማ ነው። የጉልበት ግዴታው በሕግ ቀረ፤ የግብሩም ልክ ታወቀ። ይህ ታላቅ መሻሻል መሆኑን መካድ አይቻልም።

ነገር ግን አዲሱ ደንብ ሁለት አዲስ ጠባዮችን አመጣ። የመጀመሪያው ገንዘብ ፍለጋ ነው። ግብር በብር ሲጠየቅ ቅቤው፣ ቡናውና ጥጃው ወደ ገበያ ወጣ። የሚሸጥ ያልነበረው ደግሞ ጉልበቱን ይዞ ወጣ፤ በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ እርሻ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የሄዱ ሠራተኞች ብዙ ነበሩ። ሁለተኛው የወረቀት ፍለጋ ነው። በግብር መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው ባለ መሬት፣ ያልሰፈረው ጭሰኛ ሆኖ ተገኘ። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት የሕዝብ እንደራሴ ለመሆን የሚወዳደር ሰው በሚመረጥበት አገር ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። እንግዲህ የመሬት ደንብ የምክር ቤት ደንብም ሆነ ማለት ነው። የጭሰኛን ውል የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግ በ1960ዎቹ ዓመታት ለምክር ቤት ቀርቦ ሳይጸድቅ መቅረቱ ሊያስደንቀን አይገባም፤ በምክር ቤቱ የተቀመጡት ብዙዎቹ ራሳቸው ባለ መሬቶች ነበሩና።

በመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ አከራካሪ ጉዳይ ዋና ምሳሌ ነው። ሕጉን ያረቀቁት ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ በአጻጻፉ ግልጽነት ዛሬም የሚደነቅ ሥራ ነው። በቍጥር 3347 በሕጉ የተሸፈኑትን ጉዳዮች የሚመለከቱ የቀድሞ ልማዶች ሁሉ ተሻሩ። በቍጥር 2991 ደግሞ ባለ መሬቱ ከጭሰኛው የሚቀበለው የምርት ድርሻ ከአራት ሦስት እጅ እንዳይበልጥ ተወሰነ። የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብን የሚመለከተው ክፍል ግን በሕጉ መጨረሻ ላይ ባለው የመሸጋገሪያ ደንብ እንዲቈይ ተደረገ። ገበሬውን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው፣ መሬቱ የማን እንደ ሆነ በቅርብ የሚያረጋግጥለት ክፍል የዘገየው እርሱ ሆነ። በቦምቤ ገጠር ያለ ሰው ኮታው በቍጥር 3347 መሻሩን ሳይሰማ ከጎረቤቱ ጋራ በሬ መግዛቱን ቀጠለ። የተሻረው ልማድ በየቀኑ ይፈጸማል፤ የጸናው ሕግ በመጽሐፍ ተቀምጧል። ከዚህ የምንረዳው፣ ሰው የሚከተለው በአዋጅ የጸናውን ሳይሆን ቢጣስ በቅርቡ የሚያስከብርለት ያለውን ደንብ መሆኑን ነው።

በ1962 ዓ.ም. የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በምኅጻር ዋዱ፣ በዓለም ባንክ ብድር ተቋቋመ። መቀመጫው ሶዶ ነበር። ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ያድል ነበር፤ መሬት ከጠበበበት ከደጋው ሰዎችን አውጥቶ በቈላው፣ ለምሳሌ በአበላ፣ ያሰፍር ነበር። አዲስ ነገር ይፈራል የተባለው ገበሬ ማዳበሪያውን ለመውሰድ ወደ ዋዱ መጣ። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ በአርሲ በጭላሎ አውራጃ ተመሳሳይ ድርጅት ተቋቁሞ ነበር። በዚያ አገር ማዳበሪያው ምርቱን ባበዛ ጊዜ፣ ጭሰኛውን የሚጠብቅ ሕግ ስላልነበረ፣ ብዙ ባለ መሬቶች ጭሰኞቻቸውን እያስወጡ በትራክተር ማረስ ጀመሩ። ያው ማዳበሪያ መሬቱ በእጁ ለሆነ ሰው በረከት፣ ላልሆነው መፈናቀያ ሆነ። ጥበብ ብቻውን አገር አያለማም የምንለው ስለዚህ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 31 የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገ። ለአንድ ቤተ ሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ መሬት እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ እንዳይከራይ፣ በወለድ አገድ እንዳይያዝ ከለከለ። ከጥቂቶች በቀር ሌላውን ሰው ቀጥሮ ማሳረስም ተከለከለ። ጭሰኝነት በአንድ ቀን ቀረ። በወላይታ መሬት የሌላቸው ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል ልማድ ያራቃቸው የእጅ ጥበብ ሠራተኞች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ ፊት ባለ ይዞታ የመሆን መብት አገኙ። ልማድ ያላደረገውን ሕግ አደረገ፤ ይህ መታወቅ አለበት። ይሁን እንጂ ሕጉ በማሳ ላይ ያመጣውን እኩልነት በጋብቻና በማዕድ ላይ ማምጣት አልቻለም፤ ልማዱ ከመሬቱ ላይ ሲነሣ በቤት ውስጥ ቀረ።

በሌላ በኩል ዐዋጁ የቦምቤን ችግር በሙሉ አልነካም። ባለ ብዙ ጋሻው ሲወገድ የገበሬው ማሳ ብዙም አልሰፋም፤ ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጥቂት ነበርና። በሬ የሌለው ባለ መሬትና መሬት የሌለው ባለ በሬ አሁንም እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ። ሕጉ ግን በመካከላቸው የሚደረገውን ውል ከጭሰኝነት ለይቶ አላየም። ስለዚህ ኮታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ኖረ፤ ከደርግ መውደቅ በኋላ በቦሎሶ የተደረጉ ጥናቶችም ሐራና ኮታ በሰፊው እንደሚሠራባቸው አሳይተዋል። በፖለቲካውም ረገድ የደጅ ጥናቱ ቦታ ተለወጠ እንጂ አልጠፋም። መሬት የሚያድለው የገበሬ ማኅበር ሆነ፤ ስለዚህ የሚፈለገውና የሚፈራው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 456 ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እንዲሰጥ፣ መሬቱ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ሲሆንም ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲሆን አዘዘ። የደቡብ ክልልም በ1999 ዓ.ም. የራሱን ዐዋጅ አወጣ፤ ለተወሰኑ ዓመታት ማከራየትም ተፈቀደ። መሬት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ በሚሄድበት አገር የሚስት ስም በደብተር ላይ መስፈሩ ቀላል ነገር አይደለም። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት ቀድሞ የነበራት የዘመድ ርኅራኄ ነበር፤ አሁን በሽማግሌም በዳኛም ፊት የምትዘረጋው ወረቀት አላት። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ወረቀቱን አይተው ይፈርዳሉ። ሕግና ልማድ የሚረዳዱት እንዲህ ሲሆን ነው፤ ሕጉ ሽማግሌውን ከቦታው ሳያነሣ በእጁ ማስረጃ ሲያኖርለት።

ሕገ መንግሥቱ በፖለቲካም ሌላ መንገድ ከፈተ። ለብሔረሰቦች ራሳቸውን የማስተዳደር መብት ስለ ሰጠ፣ ቀድሞ ለባላባቱ ወይም ለሊቀ መንበሩ የሚቀርበው አቤቱታ በብሔረሰብ ስም የሚቀርብ ጥያቄ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ባቀላቀሉ የትምህርት መጻሕፍት ምክንያት ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የዞኑ ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄ አቀረበ፤ በ2015 ዓ.ም. ከሕዝበ ውሳኔ በኋላ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ከሌሎች ዞኖች ጋራ ገባበት። ይህን የምናነሣው ጥያቄው ትክክል ነበር ወይም አልነበረም ለማለት አይደለም። መሬት የጠበበበትና ሥራ ያጣ ወጣት ችግሩን ሕግ በከፈተለት በር በኩል እንደሚያሰማ ለማሳየት ነው። በሩ የአስተዳደር ወሰን ከሆነ፣ የመሬት ችግርም የአስተዳደር ወሰን ጥያቄ ሆኖ ይሰማል።

ልማድን ብቻ እናመስግን ለሚሉ ደግሞ የዝንጅብል ነገር ትምህርት ነው። ቦሎሶ ቦምቤ በዝንጅብል የታወቀ አገር ነበር፤ ማሳው ትንሽ ለሆነ ገበሬ በዓመት ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ ተክል ነውና። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ተነሥቶ ማሳውን ሁሉ አጠፋ። በሽታው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋናው የተበከለው የዘር ዝንጅብል ነው። ገበሬው ዘሩን የሚያገኘው ከጎረቤቱና ከገበያ በመተማመን ነው እንጂ ንጽሕናውን መርምሮ ከሚመሰክር ድርጅት አልነበረም። ኮታን ያጸናው ያው መተማመን እዚህ ላይ ጉዳት አመጣ፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ጠባይ ያውቃል፣ በዘሩ ውስጥ የተደበቀውን ተሕዋስ ግን አያውቅም። ስለዚህ ልማድ የሚበቃው ዐይን ለሚያየውና ሽማግሌ ለሚመሰክርበት ነገር ነው፤ ከዚያ ባለፈው ላይ የመንግሥት ሕግና የተማረ ሰው ምርመራ ያስፈልጋል።

ምናልባት የቦምቤ ችግር የሕዝብ ብዛትና የመሬት ጥበት እንጂ የሥርዐት ጉዳይ አይደለም የሚለን ይኖር ይሆናል። የመሬቱን ጥበት አንክድም፤ ወላይታ ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ ከበዛባቸው አንዱ ነው። ነገር ግን ጥበት ብቻውን ሰው ምን እንደሚያደርግ አይወስንም። በዚያው ጠባብ ማሳ ላይ በአንዱ ዘመን ገባሩ ከብቱን ደበቀ፤ በሌላው ልጁን ወደ ወንጂ ላከ፤ በሌላው ከዋዱ ማዳበሪያ ተበደረ፤ በዛሬውም ደብተሩን በሣጥን ቈልፎ አኖረ። መሬቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ደንቡ ነው።

ለነገ አያስብም ለሚሉትም አንድ የመጨረሻ ምሳሌ እናቅርብ። በመስከረም የሚከበረው የጊፋታ በዓል ሳይደርስ ወንዶቹ ለበሬ መግዣ፣ ሴቶቹ ለቅቤና ለማባያው በማኅበር ሆነው ብዙ ወራት አስቀድመው ያጠራቅማሉ። ይህን ያህል የሚቈጥብ ሕዝብ ለነገ አያስብም ሊባል አይችልም። የሚቈጥበው ግን የሚያምነው ማኅበር ስላለ፣ ገንዘቡም በታወቀ ቀን ለታወቀ ነገር እንደሚውል ስለሚያውቅ ነው። መሬቱንም በዚሁ ልክ ቢያምነው ለዐሥር ዓመት የሚሆን ተክል ይተክላል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቍጥር 1324 ገበሬው በይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያደርግ ፈቅዷል። ይህ አዲስ ደንብ በቦምቤ ምን ዐይነት ጠባይ ያመጣ ይሆን? አበዳሪው ገንዘቡን ለማስመለስ በመጣ ቀን የሚስት ስም ይጠብቃታል? የኮታ ባልንጀራስ ድርሻው በየትኛው ወረቀት ላይ ይገኛል? መልሱ በዐዋጁ ቃል ብቻ አይገኝም። በቀበሌው የመሬት መዝገብ ጥራት፣ በሽማግሌዎቹ ፍርድና በወረዳው ፍርድ ቤት ቅርበት ይወሰናል። ሕግ የምንማረው ተማሪዎች ወደ ገበሬው ማሳ፣ እርሻ የምንማረው ደግሞ ወደ ሕጉ ቍጥር ብንመለከት ይህን ጥያቄ በጊዜው ልንከታተለው እንችላለን። እንደ ቀድሞው ሁሉ ዘግይተን ብንደርስ ግን የምናገኘው ያው የተለመደውን ፍርድ ነው፤ ገበሬው ለነገ አያስብም የሚለውን።